ከሠርጌ በፊት ገላዬን ብላጭ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምሠራው ካዛንቺስ ነው፣ የማስቀድሰው አራት ኪሎ። ከሁለት ወር በኋላ በተክሊል ልጋባ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ሙሽራ ሆነሽ የብብትና የጉያ ፀጉርሽን ካላነሣሽ ንጹሕ አይደለሽም» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ጨዋ ሴት እዚያ ምላጭ አታስነካም» ብላ ተቆጣችኝ። እጮኛዬ ሁሉም እንዲነሣ እንደሚፈልግ በጨዋታ መሀል ነገረኝ፤ «የሚስት ሥጋ የባሏ ነው» የሚለውንም ጠቀሰልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስላጭ ቆረጠኝና ደም ስለፈሰሰኝ እሑድ ሳልቆርብ ቀረሁ። አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም እኅት ለእነሱ ከ40 ቀን እንዳያልፍ የተወሰነ ጊዜ እንዳለ አጫወተችኝ። ለእኛስ የታዘዘ ወይም የተከለከለ ነገር አለ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኅቴ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ።

ለምእመን የብብቱን፣ የጉያውን ወይም የእግሩን ፀጉር ላጭ የሚል ትእዛዝ የለንም፤ አትላጭ የሚልም የለንም። ቀንም አልተቆረጠልንም። ሙስሊም እኅታችን የነገረችሽ በእነሱ ትምህርት ያለ ነው፤ እነሱ ይጠብቁታል፣ እኛ ደግሞ አንገደድበትም። ብትላጪ ጽድቅ አልሠራሽም፤ ብትተዪውም አልረከስሽም።

«ተከልክሏል» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት ዘሌዋውያን 19፥27ን ነው። ቃሉ የሚናገረው ግን ስለ ራስ ፀጉር ዙሪያና ስለ ጢም ዳር ነው። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 28ን ብታነቢ ስለ ሞተ ሰው ገላን መንጨትንና መነቀስን ይከለክላል፤ አሕዛብ ለሙታናቸው የሚያደርጉትን ሥርዓት እስራኤል እንዳይወስዱ ነው ነገሩ። በዚያው በኦሪት ሌዋውያን ለአገልግሎት ሲለዩ ገላቸውን ሁሉ እንዲላጩ ታዝዘዋል (ዘኍልቍ 8፥7)፤ ከለምጽ የዳነም ራሱን፣ ጢሙንና ቅንድቡን ሳይቀር ይላጭ ነበር (ዘሌዋውያን 14፥9)። ናዝራዊው (በስእለት ራሱን ለእግዚአብሔር የለየው ሰው) በስእለቱ ዘመን ምላጭ አያስነካም፣ ስእለቱ ሲፈጸም ግን በድንኳኑ ደጃፍ ራሱን ይላጫል። ቅዱስ ጳውሎስም ስእለት ስለነበረበት በክንክራኦስ ራሱን ተላጭቷል (ሐዋ. 18፥18)። ምላጩ ያው ምላጭ ነው፤ የሚያከብረውም የሚያስነቅፈውም የተነሣበት ምክንያት ነው። ካህናትና መነኮሳት ጢማቸውን ማሳደጋቸው ደግሞ የማዕርጋቸው ሥርዓት ስለሆነ ወደ አንቺ ጥያቄ አናመጣውም።

እናትሽን አትከራከሪያት። በእኛ አገር ፀጉር መላጨት ብዙ ነገር ይናገር ነበር። ሴት ልጅ ሐዘን ሲደርስባት ወይም ስትመነኩስ ራሷን ትላጭ ነበር፤ የሕፃን ራስ ሲላጭ እንኳ ቁንጮ ይተውለት ነበር። በዚያ ላይ ስለ ጉያ በአፍ ማውራትም ነውር ነው። እንደዚህ ላደገች እናት ልጅ ምላጭ ይዛ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ቀላል ነገር አይመስላትም። «እማዬ፣ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ጠይቄአለሁ» ማለት ይበቃል። ዝርዝሩን ለእሷ መንገር አይጠበቅብሽም።

ጓደኞችሽ ግን አንድ ቃል ያለ ቦታው ተጠቅመዋል፤ ንጹሕ የሚለውን። የብብት ሽታ የሚመጣው ቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ላብን ሲያፈርሱት ነው። ፀጉር ላቡን ይዞ ያቆየዋል፣ ስለዚህ ላብ የሚበዛበት ሰው ሲያነሣው ይቀልለዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን በየቀኑ በውሃና በሳሙና የሚታጠብ ባለፀጉር ብብት፣ ተላጭቶ ሳይታጠብ ከዋለው ይሻላል። የጉያ ፀጉር ደግሞ ቆዳን ከመፋተግ ይጠብቃል። ሐኪሞችም ለምጥ የገባችን እናት እንደ ልማድ መላጨትን ዛሬ አይመክሩም። ስለዚህ ምርጫ ነው በያቸው። ለወንዶችም ያው ነው፦ ብብቱን የተላጨውን «ሴታ ሴት» ብሎ መሳቅም፣ ያልተላጨውን «ገጠሬ» ብሎ መሳቅም ወንድምን መናቅ ነው፤ ንስሐ የሚያስፈልገው ይህኛው ነው።

አሁን ወደ እጮኛሽ እንምጣ። የጠቀሰው 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥4 ነው፤ ጥቅሱን ግን ከግማሹ ላይ ቆርጦታል። ሐዋርያው ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን የላትም ካለ በኋላ «እንዲሁም ደግሞ ባል» ብሎ በእሱም ላይ ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ በዚህ ጥቅስ ሚስቱን ተላጪ የሚል ባል፣ እሷ ጢምህን አሳድግ ብትለው ሊያሳድግ ነው ማለት ነው። ቁጥር 5 ላይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ባልና ሚስት በአልጋ እንዳይከላከሉ እንደሆነ ይገለጻል፤ ያውም «ተስማምታችሁ» የሚል ቃል አለበት። ከሁሉ በላይ እሱ ገና ባልሽ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ እጮኛ አሳቡን ሊናገር ይችላል እንጂ ሊያዝዝ አይችልም፤ እንዲያውም ንግግሩ ከተክሊሉ በኋላ ቢሆን ይመረጥ ነበር። የምመክርሽ ይህን ነው፦ ቆዳሽ የማይችለው ከሆነ፣ ማለትም ከተላጨሽ በኋላ የሚያብጥ፣ የሚያሳክክ ወይም ጠባሳ ጥሎ የሚሄድ ከሆነ፣ በግልጽ ንገሪው። ኤፌሶን 5፥29 ማንም የገዛ ሥጋውን ይመግበዋል ይከባከበዋል እንጂ አይጠላውም ይላል። ይህን ሰምቶ እንኳ የሚያኮርፍ ከሆነ ጉዳዩ ከፀጉር አልፏልና ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።

ስለ ቁርባኑ። ደም የሚፈሰው ሰው ወደ ቅዱስ ቁርባን አይቀርብም፤ ካህንም ቢሆን ደም ከፈሰሰው አይቀድስም። ስለዚህ መታቀብሽ ልክ ነው፣ ግን ኃጢአት ሠርተሽ እንደተቀጣሽ አትቁጠሪው፤ ጉዳዩ የቅድስናው ክብር ነው። ስሕተትሽ ቀኑ ላይ ነው። ለመቁረብ 18 ሰዓት ትጾሚያለሽ፤ ቅዳሜ ማታ ያ ሰዓት ከገባ በኋላ ምላጭ መያዝ የለብሽም። ሐሙስ ብታደርጊው ቢቆርጥሽም ቁስሉ ይደርቃል። ከቆረብሽ በኋላም በዚያ ቀን ፀጉር መላጨት፣ ጥፍር መቁረጥና ገላ መታጠብ የለም። ሐሙስ የቆረጠሽ ቦታ እስከ እሑድ ካልደረቀ ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ፤ በራስሽ አትፍረጂ።

ምላጩን ከመረጥሽ፣ ሥራው ራሱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው የሚቆረጠው በጥድፊያ ነው። ፀጉሩ ከረዘመ መጀመሪያ በመቀስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ከርክሚው፤ ረጅም ፀጉር ምላጩን ይሞላዋል፣ የተሞላ ምላጭ ደግሞ ይጎትታል። ቀጥሎ ሞቅ ባለ ውሃ 5 ደቂቃ ያህል አርጥቢው፤ ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። (ፍልውሃ የሚታጠቡ ሰዎች ከመታጠቢያው ሲወጡ ቢላጩ የሚቀላቸው በዚሁ ምክንያት ነው።) በሳሙና አረፋ ሸፍኚው፣ በሌላው እጅሽ ቆዳውን ወጥሪና ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ በቀስታ ሳቢ። የብብት ፀጉር ወደ ላይም ወደ ታችም ያድጋል፤ ስለዚህ እጅሽን ከራስሽ በላይ አንሥተሽ ላዩንና ታቹን ለየብቻ ያዢ። በአንድ ቦታ ላይ ሦስቴ አራቴ አትመላለሺ፣ በየስበቱም ምላጩን አለቅልቂ። ከጨረስሽ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ ቀጭን ቫዝሊን። ሎሚ የሚያሹ አሉ፤ በተላጨ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ያጠቁራል። ሽቶና አልኮል ያለበት ዲዮዶራንትም እስከ ማግሥቱ ይቆይ።

የእኛ ፀጉር ጥቅል ስለሆነ ከቆዳ በታች ተጠግቶ ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባና ትናንሽ እብጠት ይሠራል። ይህ ከታየብሽ ምላጩን ትተሽ በመቀስ ወይም በቶንዶስ ማሳጠር ይበቃሻል። እብጠቱን በመርፌ መነቅነቅ ጠባሳ ያመጣል፤ በተለይ ቁስላቸው ሲድን የሚያብጥባቸው ሰዎች ከዚህ ይጠንቀቁ። «የተላጨ ፀጉር ወፍሮ ይበቅላል» የሚለው ግን እውነት አይደለም፤ የተቆረጠው ጫፍ ድፍን ስለሆነ ሲዳሰስ የወፈረ ይመስላል እንጂ።

ፀጉር ማስወገጃ ክሬም ከፈለግሽ ከአንድ ቀን በፊት ክንድሽ ላይ ጥቂት ቀብተሽ ሞክሪው፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አትለፊ፣ ለጉያ መሆኑ ካልተጻፈበትም እዚያ አታድርጊው። በቤት የሚሠራው የስኳር ዋክስ (ተቀብቶ ፀጉሩን ይዞ የሚነቀለው) 2 ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ የሎሚ ጭማቂና ሩብ ኩባያ ውሃ የማር ቀለም እስኪይዝ ይፈላል። ሰው የሚቃጠለው ሳይበርድ ሲቀባው ነውና መጀመሪያ የእጅሽ አንጓ ላይ ፈትኚው።

ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ ሳሎን ከሄድሽ ሁለት ነገር ተመልከቺ። ምላጩ ፊትሽ ከማሸጊያው ይውጣ፤ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በደም የነካው ምላጭ ይተላለፋሉ፣ ስለዚህ ለእኅትሽም ቢሆን ምላጭ አታውሺ። ዋክስ የምትቀባው ልጅ ደግሞ ገላሽን የነካውን እንጨት መልሳ ጣሳው ውስጥ ከነከረችው ተነሥተሽ ውጪ። እሷን ላለማሳፈር ብሎ መቀመጥ ይሉኝታ ነው፣ ትሕትና አይደለም። ለወንዶችም፦ ያልጸዳ ቶንዶስ ጭርት ያስተላልፋል፤ በአልኮል እንዲጠረግ መጠየቅ ነውር የለውም።

በአገጯ ወይም በደረቷ ላይ ፀጉር የሚበዛባት እኅት፣ በተለይ የወር አበባዋ ከተዛባ፣ ከምላጭ በፊት ሐኪም ታማክር፤ የሆርሞን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሰውነቷን የሚሰድቡ ካሉም፣ 1ኛ ሳሙኤል 16፥7 «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» ይላል።

የአንቺ ሠርግ በተክሊል ከሆነ ሁለታችሁም ትቆርባላችሁ፤ ስለዚህ ቀኑን ከአሁኑ አስልዪ። ዋክስ ጨርሶ የማታውቂ ከሆነ አሁን፣ ገና ሁለት ወር ሲቀር፣ አንድ ጊዜ ሞክሪና ቆዳሽ እንዴት እንደሚቀበለው እዪ፤ የሠርግ ሳምንት የመጀመሪያ ሙከራ የሚደረግበት አይደለም። ተክሊሉ እሑድ ከሆነ ዋክሱ ረቡዕ ይለቅ፣ መቅላቱ እስከ ቅዳሜ ይጠፋል። ምላጭ ከሆነ ሐሙስ። ቅንድብ መቀንደብም ደም ሊያመጣ ይችላልና ዐርብ አይለፍ። እሑድ ሌሊት 9 ሰዓት ሳሎን ስትገቢ ለፀጉርሽና ለልብስሽ ብቻ ይሁን፤ ሠራተኛዋ «ትንሽ ቀርቶሻል» ብላ ምላጭ ብታነሣ «ዛሬ እቆርባለሁ» በያት። ውሃና ቡናም ስታቀርብልሽ እንዳትረሺ፣ ጾመኛ ነሽ።