መልስ፦ ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ለምን ፈላ?

ቴርሞሜትርህ አልተበላሸም። የመማሪያ መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው በባሕር ጠለል ላለው የአየር ግፊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ውሃውም 92 አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ ወርደህ ብትሞክረው 94 ገደማ ታገኛለህ። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ለተማሪዎችህ ከዚህ ጀምርላቸው።

አሁንም ከተጠራጠርክ፦

1. የተፈጨ በረዶ ከትንሽ ውሃ ጋር ቀላቅለህ ቴርሞሜትሩን ክተትበት። 0 ካሳየ ደህና ነው።
2. ስታፈላ ጫፉ የዕቃውን ታች እንዳይነካ።

ብቻ ከፈላ ውሃ አውጥተህ ወዲያው በረዶ ውስጥ እንዳትከተው። እኔ ተቻኩዬ የነበረንን አንድ ቴርሞሜትር ሰነጠቅሁት፤ የቀረውን ሴሚስተር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳልኩ አስተማርኩ።