ከጥልቅ ባሕር የወጣ ውሃ ላብራቶሪ ሲገባ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከ4,000 ሜትር የቀዳነውን ውሃ ያለ ግፊት በትሪቲየም ሉሲን (ባክቴሪያዎች ሲያድጉ በሚወስዱት፣ በጨረሩ በሚቆጠር አሚኖ አሲድ) ስንለካው የባክቴሪያው እንቅስቃሴ ከፍ ይላል። በግፊት ሲሊንደር (የጥልቁን ግፊት በሚይዝ የብረት ዕቃ) ሲሆን ይወርዳል፤ ግን በየሰዓቱ የምናወጣው ውጤት ዝብርቅርቅ ነው። የቱን እንመን?»

ያለ ግፊት ከፍ ማለቱ አይገርመኝም። እዚያ ታች ግፊቱ የባሕሩ ወለል ላይ ካለው 400 እጥፍ ገደማ ነው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ግፊቱን ችለውት እንጂ ወደውት አይኖሩም፤ ሸክሙ ሲነሳላቸው ይነቃሉ። በ2022 የወጣ ጥናት እዚያው ጥልቀቱ ውስጥ ለክቶ፣ ያለ ግፊት ከሚለካው ሲሶ ያህሉን ብቻ አግኝቷል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ይመኑ። በደንብ ከተያዘ ነው ታዲያ።

ልጠይቅዎ፣ ናሙናው ያለባቸውን ሲሪንጆች በሙሉ አንድ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚከቱት? እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማደርገው። የ6 ሰዓቱን ለማውጣት ሲከፍቱ የ12ቱም የ24ቱም ግፊት አብሮ ይለቀቃል። መልሰው ቢያስጨንቋቸውም ያው ሙከራ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ሲሊንደር ይኑረው። ካልበቃዎት ሰዓቶቹን ይቀንሱ።

የአየር አረፋም አለ። ሲሪንጁን አፉን ወደ ላይ አቁመው በጥፍርዎ ኳ ኳ ያድርጉት፤ የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ እንኳ ብትቀር ገፍተው ያስወጧት። ያለበለዚያ ግፊቱ ውሃው ውስጥ ያሟሟትና ያልነበረ ኦክስጅን ይጨመራል። ሲሊንደሩን ደግሞ ቀድመው ያቀዝቅዙት። ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ማታውኑ ቀዝቃዛ ክፍል ቢያድር ይሻላል። ሞቅ እያለ ከሞሉት ሲቀዘቅዝ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ይወርዳል። ኦሪንጉ (ክዳኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ያፈሰሰ መስሎን ስንቱን ደህና ኦሪንግ ጥለናል!

ለማነጻጸሪያ የሚገድሉትን ናሙና መጀመሪያ ፎርማሊን ያድርጉበት፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ ሉሲኑን ይጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሳይሞቱ የወሰዱት ይቆጠርብዎታል። እሱም እንደሌሎቹ ሲሊንደር ይግባ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካልተሻለ መቅጃ ጠርሙሱን ይጠርጥሩ። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ሲወጣ የላይኛውን ውሃ ያስገባል። ላይኛው በሚሊ ሊትር 500,000 ሴል ቢኖረው፣ ታችኛው 30,000 ቢኖረው፣ ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ቢገባ እንግዶቹ ከባለቤቶቹ ይበልጣሉ። ከየጠርሙሱ ጨዋማነቱን ለክተው ሴንሰሩ እዚያ ጥልቀት ላይ ከመዘገበው ጋር ያስተያዩት። ያልገጠመውን ጠርሙስ ውሃ ይድፉት፤ ለሲሊንደር አይደክሙበት።