ዩኒቨርሲቲ አቋርጬ በአጥቂነት ልሞክር?

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ትኖራለህ፤ 19 ዓመትህ ነው፤ በቪክቶሪያ ኤንፒኤል (ከዋናው የአውስትራሊያ ሊግ በታች ባለው የክልል ሊግ) በአጥቂነት ትጫወታለህ፤ የፊዚዮቴራፒ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነህ። አንድ ወኪል ደቡብ ምሥራቅ እስያ ለሙከራ ልውሰድህ፣ ትኬትና «ምዝገባ» ግን አንተ ክፈል ብሎሃል።

አትክፈል። የደህና ወኪል ድርሻ ውል ከተፈረመ በኋላ ከደመወዝ ላይ የሚነሳ መቶኛ ነው። ፈቃዱን ፊፋ ካወጣው የወኪሎች ዝርዝር አረጋግጥ። የግብዣው ደብዳቤም በቀጥታ ከክለቡ ይምጣ፤ ትኬቱንና ማረፊያውን ማን እንደሚችል፣ ጉልበትህ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክምህ ይጻፍበት። ለሙከራ የሄደ ልጅ ገና የክለቡ ተጫዋች ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜ የክለቡ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም።

ከክለብ ክለብ እየዞረ የሚኖር አጥቂ ሕይወት ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግህ አውስትራሊያዊውን ሚቼል ዱክን ተመልከት። ከሴንትራል ኮስት ማሪነርስ ወደ ጃፓኑ ሺሚዙ፣ ተመልሶ ወደ ዌስተርን ሲድኒ፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲው አል ታዎን፣ በኋላም ወደ ጃፓኑ ፋጂያኖ ኦካያማ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያ ቱኒዚያን 1 ለ 0 የረታችበትን ጎል በጭንቅላቱ ሲያስቆጥር የጃፓን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫዋች ነበር። እንዲህ ያለ አጥቂ የሚፈለገው ለጎሉ ብቻ አይደለም፤ ረጅም ኳስ ያሸንፋል፣ ተከላካዮችን ያለ ዕረፍት ይጫናል። ስለዚህ ቪዲዮህ የጎል ስብስብ ብቻ አይሁን። ከአራት አምስት ደቂቃው ቅንብር ጋር ሁለት ሙሉ ጨዋታ ላክ፤ አሠልጣኝ ኳስ ሳትይዝ የምታደርገውን ማየት ይፈልጋል።

ብዙ ልጆች የማያውቁት እንቅፋት የሥልጠና ካሳ ነው። 23 ዓመት የሚሞላህ ዓመት ሳያልቅ በውጭ አገር የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ከፈረምህ፣ ከ12 ዓመትህ ጀምሮ ያሠለጠኑህ ክለቦች ከአዲሱ ክለብህ ካሳ ሊጠይቁ ይችላሉ። አቅም የሌለው ክለብ ይህን ሲሰማ ይሸሻል። ከመሄድህ በፊት ያሠለጠኑህን ክለቦች ካሳውን እንደማይጠይቁ በጽሑፍ አስፈርማቸው፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

ውል ላይ ደመወዙ ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ለይተህ አስጽፍ፤ የተፈረመ ቅጂም እጅህ ይግባ። ሁለት ወር ካልከፈሉህ በጽሑፍ 15 ቀን ሰጥተህ፣ አሁንም ካልከፈሉ ውሉን ማፍረስ በፊፋ ደንብ መብትህ ነው።

ትምህርቱን ግን አታቋርጥ፤ ፈቃድ ጠይቀህ አቆየው። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራው የተግባር ልምምድ ከጉዞ ጋር ስለማይሄድ እሱ ሳይጀመር ብትወስን ይሻላል። የተመዘገብክባቸውን ኮርሶች ከሴንሰስ ቀን (ያለ ክፍያ መሰረዝ ከሚቻልበት የመጨረሻ ቀን) በፊት ሰርዝ፤ ቀኑ ካለፈ ያልተማርክበት ክፍያ ዕዳ ሆኖ ይመዘገብብሃል።