ሚናሽን ለሌላ ሰው ሲሰጡብሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቤቴ መጣች። ቴአትር ታጠናለች፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የተለማመደችበትን ሚና፣ መድረክ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው አዘጋጁ ለሌላ ልጅ ሰጠባት። ቡናው ፊቷ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም። «ጋሼ፣ በቃ ይሄ ሙያ የኔ አይደለም» አለችኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት መድረክ ላይ ስኖር እኔንም ሁለት ሦስቴ ደርሶብኛልና ሕመሙን አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ስለ ራሴ አላወራኋትም። የነገርኳት ስለ ጁዲ ዴንች ነው። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በጄምስ ቦንድ ፊልሞች ነው። ፀጉሯ አጭር፣ ቦንድን የምታዘው፣ «ኤም» የሚሏት ሴትዮ። መጀመሪያ በዚያ ሚና የታየችው በ1995 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያኔ 60 ዓመቷ ነበር። መድረክ ላይ ከወጣች ደግሞ 38 ዓመት ሆኗታል። እስቲ ይህን ቁጥር ትንሽ ያዙልኝ።

የተወለደችው በ1934 ዮርክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። መጀመሪያ ልቧ የነበረው የመድረክ ዲዛይን ላይ ነው፤ ኋላ ሐሳቧን ቀይራ ለንደን ትወና ተማረች። ትምህርቷን እንደጨረሰች፣ በ1957፣ ስመ ጥሩው የኦልድ ቪክ ቴአትር ቡድን ሐምሌት ላይ ኦፊልያን አድርጎ አወጣት። ሐምሌትን በጋሽ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሰው ኦፊልያ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ያውቃል። ሐያስያኑም አልማሯትም። ቡድኑ አሜሪካ ሲሄድ ኦፊልያ ለሌላ ተዋናይት ተሰጠች።

ጁዲ ግን ጥላ አልሄደችም። አነስ ያሉ ሚናዎችን እየሠራች እዚያው ቡድን ውስጥ ቆየች፤ ከነባሮቹ ጋር በየምሽቱ እየወጣች፣ እነሱን እያየች ተማረች። ለኔ የታሪኳ ዋናው ቦታ ይሄ ነው። ሚና የተነጠቀ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ኩርፊያ ነው፤ ልምምድ ይቀራል፣ ስልክ አያነሳም፣ ሰው ሲያገኝ አዘጋጁን ያማል። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፌ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ያ ክረምት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም በዚያ ክረምት የተሠራውን ቴአትር ከጎን ቆሜ እንኳ ባየው ኖሮ ዓመታት የፈጀብኝን ነገር ያኔ እማረው ነበር።

በ1960 እዚያው ኦልድ ቪክ ላይ ጁልየትን ሠራች። በ1963 ከኖቲንግሃም ቡድን ጋር ሼክስፒርን ይዛ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ዞረች።

ፊቷን በሚመለከትም አንድ ነገር አለ። ወጣት ሳለች አንድ የፊልም ዳይሬክተር ፊቷ ላይ አንድም ትክክል የሆነ ነገር እንደሌለ ነግሯታል። ራሷ ናት በየቃለ መጠይቁ የተናገረችው። አልፎ አልፎ ፊልም ብትሠራም ለብዙ ዓመታት ቤቷ መድረክ ሆነ። ፎቶ ካላስተካከላችሁ የማትለጥፉ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ሰውዬ አስታውሱት። አንድ ሰው ነው፤ አንድ ቀን የተናገረው ነው።

ጊዜ ካላችሁ የሼክስፒርን ማክቤዝ ፈልጋችሁ እዩ። በ1976 ስትራትፎርድ ውስጥ ከተዋናዩ ከኢያን ማኬለን ጋር የሠሩት ነው። ቤቱ የቆርቆሮ ነበር፣ ጠባብ፤ ተመልካቹ ተዋናዮቹን ከቦ እዚያው ሥራቸው ይቀመጣል። በኋላ ለቴሌቪዥን ተቀርጾ ቀርቷል። ጁዲ የሠራቻት ሌዲ ማክቤዝ፣ ባሏን ገፋፍታ ንጉሡን ያስገደለችው፣ በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድበት ቦታ ላይ ልብሷ ተራ ጥቁር ነው። እጇን ታሻሻለች፣ ደሙ አልለቅ ይላታል። ከዚያ አንድ ድምፅ ታወጣለች። ጩኸት ልበለው? ከታች ከሆዷ ይነሳል፣ ይረዝማል፣ ቀስ እያለ ቀጥኖ ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ፊቷን ማሳመር ትዝም አይላት። ይህን ለተማሪዎቼ ሳሳይ ክፍሉ ውስጥ ስልኩን የሚነካ ሰው የለም።

መከራው ግን አንዴ ብቻ አይመጣም። በ1981 «ካትስ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር እየተለማመደች ሳለ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። ልትመለስ ሞከረች፤ አልሆነም። ሚናው ለኢሌን ፔጅ ተሰጠ፤ ዓለም ያወቀው «ሜሞሪ» የተባለው ዘፈንም አብሮ ሄደ። እንግዲህ 46 ዓመቷ ነው፣ ስሟ የታወቀ ነው፣ እንደገና ሚና ሄደባት። በዚያው ዓመት ከባሏ ከማይክል ዊልያምስ ጋር የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጀመረች፤ ቤት ለቤት የተወደደችው በእሱ ነው።

የመጀመሪያውን የኦስካር እጩነት ያገኘችው ንግሥት ቪክቶሪያን ሆና በሠራችው ፊልም ነው፤ 63 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ «ሼክስፒር ኢን ላቭ» ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆና ኦስካሩን ወሰደች። ስክሪኑ ላይ የምትታየው ለስምንት ደቂቃ ያህል ነው። ስምንት ደቂቃ! ሚናችሁ አጭር ነው ብላችሁ ለምታኮርፉት ነው የምናገረው። እነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ከበስተኋላቸው አርባ ዓመት አላቸው።

አሁን ዓይኗ ታሟል። መካከለኛውን እይታ የሚያጠፋ ሕመም እንደያዛት በ2012 ተናገረች። ስክሪፕት ማንበብ አቅቷት፣ ሰው እያነበበላት በጆሮዋ ማጥናት ጀመረች። ቅኔ ቤት ያለፉ አባቶቻችን ይህን ጥናት በደንብ ያውቁታል፤ ዓይናቸው የጠፋ ስንት መምህራን በቃላቸው አስተምረዋል። እሷም በዚህ አኳኋን እየሠራች በ2022፣ በ87 ዓመቷ፣ ለስምንተኛ ጊዜ ለኦስካር ታጨች።

ይህን ሁሉ ነግሬ ስጨርስ ልጅቷን አንድ ነገር ለመንኳት። ሚናሽን ለወሰደችው ልጅ ቃለ ተውኔቱን አንብቢላት፣ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም አልኳት። ደነገጠች። ተናደደችብኝም መሰለኝ፤ ቡናውን ሳትጠጣ ተነስታ ሄደች።

ትናንት ማታ ደወለች። ልምምድ ሄዳ እንደነበር ነገረችኝ። ትንሽ ዝም አለችና፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ መድረኩ በደንብ የሚታየው የት ጋ ሲቆም እንደሆነ ጠየቀችኝ። በግራ በኩል፣ መብራቱ ዓይን የማይወጋበት ጋ አልኳት።