የታይሮይድ ካንሰር ደረጃ፦ አንዱ 4፣ ሌላው 1 ለምን ይላል?

ወንድሜ፣ የ52 ዓመት እናትህ የታይሮይድ (በአንገት ፊት ያለ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ካንሰር ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው በኋላ አንዱ ሐኪም «ደረጃ 4»፣ ሌላው «ደረጃ 1» እንዳሏቸውና የትኛውን ማመን እንዳለባችሁ ጠይቀሃል። ባለቤቴ በ61 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ታሞ ስለነበር ይህን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ወረቀት ታቅፎ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው መሄድ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

በጻፍከው የፓቶሎጂ ውጤት (የወጣው አካል በላቦራቶሪ የተመረመረበት) መሠረት የእናትህ ካንሰር ፓፒለሪ የሚባለው፣ በብዛት የሚታየው ዓይነት ነው፤ የካንሰሩ ዕጢ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከታይሮይድ አልወጣም። በአንገታቸው ጎን ሰባት ንፍፊቶች ተይዘዋል፣ ትልቁ ግን 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ወደ ሳንባም ሆነ ወደ አጥንት አልተዛመተም። ቲኤንኤም በሚባለው የካንሰር ደረጃ አሰጣጥ (ቲ ዕጢውን፣ ኤን ንፍፊቱን፣ ኤም ወደ ሩቅ መዛመቱን ያሳያል) ይህ ቲ2፣ ኤን1ቢ፣ ኤም0 ይባላል። በዚህ አሰጣጥ መመሪያ ሰባተኛው እትም የዕድሜው ድንበር 45 ስለነበር እናትህ ደረጃ 4 ውስጥ ይገባሉ። ከፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ስምንተኛው እትም ግን ድንበሩን 55 አድርጎታል። ከዚያ በታች ያለ ታካሚ በሽታው ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል እስካልሄደ ድረስ ንፍፊት ቢያዝበትም ደረጃ 1 ነው። «ደረጃ 4» የሚለው ከቆየው ሠንጠረዥ ጋር ይገጥማል፤ ዛሬ የሚሠራበት ግን «ደረጃ 1» የሚለው ነው። በእናትህ ሰውነት ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ካርዳቸው ላይ አረጋግጥ። የትውልድ ዘመናቸው በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ በፈረንጅ ከተሰላ ዕድሜያቸው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል። 52 የነበሩት እናት 60 ሆኑ ማለት ነው፤ ያኔ በአዲሱ እትም እንኳን ደረጃ 2 ይሆናሉ። በእኛ አገር ይህ በቀላሉ የሚፈጠር ነገር ስለሆነ አትለፈው።

ሌላው በሽታው ይገድል እንደሆነ የሚገምት ማሲስ የሚባል ስሌት ነው፤ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሆስፒታል በፈረንጆቹ 1993 ያወጣው ሲሆን ለፓፒለሪ ብቻ ያገለግላል። ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ዕድሜው በ0.08፣ የዕጢው መጠን በሴንቲ ሜትር በ0.3 ይባዛል። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ካልወጣ 1፣ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ከገባ 1፣ ወደ ሩቅ አካል ከተዛመተ 3 ይጨመራል። የእናትህ 4.16 ሲደመር 1.05፣ 5.21 ይመጣል። ከ6 በታች ላሉት በ20 ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር ያልሞቱት 99 በመቶ ነበሩ፤ 8 እና ከዚያ በላይ ላሉት ግን 24 በመቶ ብቻ። ንፍፊት በስሌቱ ውስጥ ጭራሽ የለም። 

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ቲኤንኤምም ማሲስም የሚመልሱት «በሽታው ይገድላል ወይ?» የሚለውን ነው። «ተመልሶ ይመጣል ወይ?» ለሚለው የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው መመሪያ የተለየ ምደባ ነበረው፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። በዚያ መመሪያ ከአምስት በላይ ንፍፊት የተያዘበት ሰው፣ ሁሉም ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆኑ፣ መካከለኛ ውስጥ ይገባ ነበር። በዚያ ምደባ እናትህ እዚህ ናቸው። «ደረጃ 1» ስለተባሉ ክትትሉን ቢተዉት እጅግ አዝናለሁ። የባለቤቴ ማሲስ 5.78 ነበር፣ ከ6 በታች፤ ሆኖም ከዓመታት በኋላ በአልትራሳውንድ በግራ አንገቱ ላይ ንፍፊት ታየና እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ዛሬ ደህና ነው፤ ሥራውንም አላቋረጠም። ትንበያው አልተሳሳተም፤ መመለሱን ግን የሚያሳየው እሱ አልነበረም።

ደረጃ አንዴ ከተሰጠ አይቀየርም፤ የመመለስ ሥጋቱ ግን በየክትትሉ ይከለሳል። ታይሮይዳቸው ሙሉ በሙሉ ከወጣ የታይሮግሎቡሊን (የታይሮይድ ሕዋሳት የሚያመነጩት ፕሮቲን) የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ አብሮም ፀረ ታይሮግሎቡሊን (ሰውነት በዚህ ፕሮቲን ላይ የሚያመርተው ፀረ አካል) ይታይ፣ እሱ ካለ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ከተቻለ ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይሁን። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን (የቀሩ የታይሮይድ ሕዋሳትን በጨረር የሚያጠፋ መድኃኒት) ያስፈልጋቸው እንደሆነም ሐኪሙ የሚወስነው ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ነው።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ከፓቶሎጂው ጋር የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ጠይቀህ ያዝ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ መውጣቱንና ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ምን እንዳየ የምታገኘው እዚያ ላይ ነው፤ ከላይ ያሰላሁት 5.21ም «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» በሚል ግምት ነው። ማስታወሻው ሌላ የሚል ከሆነ 6.21 ይሆናልና እዚሁ ጻፍልኝ።