ለምጣድ ገመድ ናስትሮ ብቻውን አይበቃም

ውድ ጠያቂ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድዎ ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ከተቀጠለበት ቦታ እየጋለ መጥቆሩን ገልጸው፣ በምን ቢያያዝ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ናስትሮ መሸፈኛ እንጂ ማያያዣ አይደለም፤ ሽቦዎቹን አጥብቆ የሚይዛቸው ነገር ስለሌለ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ ይላላል። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ በላላው ቦታ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ተቃውሞ) ብቻ ቢፈጠር እንኳ 25 ዋት ያህል ሙቀት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ ይህ ትንሽ የእርሳስ መበየጃን የሚያግል ኃይል ነው።

ባለብሎን ሞርሴቶ፣ ማለትም ሽቦዎችን በብሎን አጥብቆ የሚያገናኝ ማያያዣ፣ ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ ነው። ሆኖም ገመዱ ከስስ ክሮች የተሠራ ከሆነ ብሎኑ ክሮቹን እንዳይበጥሳቸው ጫፉን የመዳብ እጅጌ አልብሶ መጭመቅ ያስፈልጋል። ጫፉን በእርሳስ መበየድን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በብሎኑ ግፊት እየተጨፈለቀ መልሶ ይላላልና።

ካገኙ እኔ የምመርጠው ዋጎ 221 የተባለውን ባለምላስ የጀርመን ማያያዣ ነው። እስከ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ የሚቀበለው ዓይነት ለ32 አምፔር የተሠራ ሲሆን፣ ሽቦውን 11 ሚሊሜትር ልጠው ካስገቡ በኋላ ምላሱን መጫን ብቻ ይበቃል፤ አካሉ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነም ሽቦው በሚገባ መግባቱን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ያለ ቅጥያ አንድ ወጥ ገመድ መዘርጋት ነው። መቀጠል ግድ ከሆነ፣ እባክዎ ከቆጣሪው አጥፍተው የጠቆረውን መዳብ ንጹሑ እስኪታይ ቆርጠው ይጣሉት፤ ማያያዣውንም ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ያኑሩት።