ወደ ባሌ ተራሮች በምን እንሂድ?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ሰባ ዓመት ካለፋቸው አማቴ ጋር የባሌ ተራሮችን ለማየት አስበናል። ልጆቹ ስለ ቀይ ቀበሮ በትምህርት ቤት ከተማሩ ወዲህ እረፍት ነስተውናል። ያለን ጊዜ አራት ቀን ነው። አንድ ወዳጃችን «ላንድክሩዘር ካልተከራያችሁ ከቤት አትውጡ» ይለናል፤ ወንድሜ ደግሞ «በአባዱላ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም፤ ምን ያስጨንቃችኋል?» ባይ ነው። ባለቤቴ በራሳችን ቪትዝ እንሂድ ይላል። እኔ አውቶቡስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ ሆኖም የአማቴ ጉልበት ያሳስበኛል። መንገዱስ በአሰላ ይሻላል ወይስ በሻሸመኔ? ምክርዎን እሻለሁ።
አንባቢዎ፣ ከገርጂ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ወዳጅዎም ወንድምዎም ከፊል እውነት ይዘዋል። የሚከራከሩት ግን ስለ አንድ መንገድ ስላይደለ አይግባቡም። ከአዲስ አበባ የብሔራዊ ፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እስከሚገኝበት እስከ ዲንሾ ያለው ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ በአስፋልት የሚሄዱት ስለሆነ፣ ጎማውና ፍሬኑ ደህና የሆነ ማንኛውም መኪና ያደርሳል። የሮቤንና የጎባን ከተሞች አልፎ ቀይ ቀበሮው ወደሚታይበት ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው መንገድ ግን ጠጠር ነው። በየኩርባው እያሽከረከረ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ በሚገነጠለው መንገድ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ማለትም እስከ 4,377 ሜትር ድረስ፣ በመኪና መድረስ ይቻላል። ጉልበተኛ መኪና የሚያስፈልገው ለዚህ ለመጨረሻው ክፍል ነው። ስለዚህ ምክሬ እስከ ዲንሾ በአውቶቡስ ሄዳችሁ፣ ሳነቴን ለምታዩበት ለአንዱ ቀን ብቻ ላንድክሩዘር ከዚያው ከሮቤ ወይም ከጎባ እንድትኮናተሩ ነው። የዲንሾ አስጎብኚዎች መኪናውን በማፈላለግ ይረዳሉ።

ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ለአራት ቀን ላንድክሩዘር ከአዲስ አበባ ተከራየን። በውሉ ላይ የተጻፈው «አዲስ አበባ – ባሌ ደርሶ መልስ» የሚል ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጎባ ላይ አስፋልቱ ሲያልቅ ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመና፣ አለቃው ጠጠር መንገድ እንዳይገባ እንዳዘዘው በትሕትና ነገረን። ስልክ ተደወለ፣ ተለመነ፣ ተጨቃጨቅን፤ አልሆነም። በመጨረሻ የጎባ ሰው መኪናውን አምጥቶ ሳነቴን አሳየንና አመሻሹ ላይ መለሰን። የእኛው ላንድክሩዘር ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ውሎ የቀኑን ኪራይ ቆጠረብን። በዚያ ጉዞ ላይ የከፈልነው ገንዘብ አብዛኛው የሄደው ታክሲም ሊሄድበት በሚችል አስፋልት ላይ መሆኑን ያሰላነው ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ነው።

ይህም ሆኖ ከአዲስ አበባ መከራየት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከሳነቴ ማዶ ወርዳችሁ የሐረናን ደን ለማየት፣ ከዚያም በደሎ መና በኩል ለመቀጠል ቢያስቡ ኖሮ፣ ወይም ሌላ ቤተሰብ ተጨምሮ ወጪው ቢከፋፈል፣ እኔም ከወዳጅዎ ጋር እስማማ ነበር። ከተከራዩ ግን በውሉ ላይ «ባሌ» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም፤ «ሳነቴ አምባና ቱሉ ዲምቱን ጨምሮ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ነዳጁን የሚሞላው ማን እንደሆነ፣ የሾፌሩ አበልና ማደሪያ በኪራዩ ውስጥ መካተቱ፣ የኪሎ ሜትር ገደብ መኖር አለመኖሩና የመመለሻው ቀን እንደ ሙሉ ቀን መቆጠር አለመቆጠሩ አብሮ ይስፈር። የብር መጠን አልጠቅስም፤ ይህ መጽሔት ከማተሚያ ቤት እስኪወጣ ዋጋው መለወጡ አይቀርም።

ወንድምዎ ስላሉት አባዱላ ባጭሩ ልናገር። ፈጣን ነው፣ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ፍጥነቱ ነው። ሾፌሩ የሚያተርፈው በምልልስ ብዛት ስለሆነ ይቸኩላል፤ ጎልማሳ ተሳፋሪ ጋቢና ተቀምጦ «ቀስ በል» ሊለው ይችላል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፎ የተቀመጠ ግን የሚሰማው የለም። በሌሊት የሚጓዝ ከሆነ በምንም ዋጋ አትሳፈሩ።

ባለቤትዎ ያሰቡት ቪትዝ ዲንሾ ይደርሳል። ችግሩ አምስት ሰው ከነሻንጣውና ከነብርድ ልብሱ ሲጫንበት ነው። ተርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱን ያጣል፤ በሳነቴ ከፍታ ላይ በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ኃይል ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያም በላይ የጎደለው ይሆናል። በዚህ ላይ ዝቅ ያለ ሆድ ስላለው ጠጠሩ ይመታዋል። ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ያሳስባል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ከመያዝ ይልቅ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራው ግሎ መያዝ ያቆምበታል። ስለዚህ በቪትዝ ከመጣችሁ ጎባ ላይ አቁሙት። ስኮርት ጎማው ንፋስ እንዳለው ሳይታይ ደግሞ ከአዲስ አበባ አይነሳ፤ በከተማ ስንነዳ ከደጃችን ጎሚስታ ስለማናጣ ስኮርቱን ለዓመታት ሳናየው እንኖራለን።

አሁን ወደ አማትዎ ልመለስ፤ ውሳኔው የሚያርፈው እርሳቸው ላይ ነውና። በአውቶቡስ ላይ አዛውንትን የሚፈትነው መንገጫገጩ ሳይሆን መቆሚያ ማጣቱ ነው። አውቶቡሱ የሚቆመው ለቁርስና ለምሳ ነው፤ ከዚያ ውጭ ሽንት ቤት የሚያስፈልገው ሰው ረዳቱን ለምኖ፣ በአርባ ሰው ፊት ወርዶ፣ ሜዳ ላይ መቆም ይኖርበታል። የእኛ እናቶች ይህን ከመጠየቅ ውኃ ሳይጠጡ መዋልን ስለሚመርጡ፣ ደርቀውና ራሳቸውን አሟቸው ከፍታ ላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ አስቀድመው በገር አነጋገር ይጠይቋቸው፦ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይወርዱ መቀመጥ ይችላሉ? እግራቸው ያብጣል? የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ የእኔን የአውቶቡስ ምክር ትተው እርሳቸውና ልጆቹ በቪትዙ ከባለቤትዎ ጋር፣ እርስዎ ሻንጣውን ይዘው በአውቶቡስ መሄዱ የተሻለ ነው። ቤተሰብ ተከፋፍሎ መጓዙ ቅር ቢያሰኝም ዲንሾ ላይ ትገናኛላችሁ። መልሱ ደህና ከሆነ ግን ደረጃ አንድ አውቶቡስ ይምረጡ፤ ትኬቱን ቀደም ብለው ይቁረጡና ከፊት በኩል፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ረድፍ ያለውን ወንበር ይጠይቁ። የኋላ ጎማው ላይ የሚያርፈው ወንበርና የመጨረሻው ረድፍ ለወገብ አይመቹም። ለአማትዎ የመተላለፊያውን ዳር፣ ለሚያቅለሸልሸው ልጅ የመስኮቱን ዳር ይስጡ። ስለ መስኮት ካነሳሁ አይቀር፣ ከኋላዎ «ዝጉልን፣ ንፋስ ይመታናል» የሚል ድምፅ መምጣቱ እንደማይቀር ይወቁና፣ ለልጁ ፌስታል በእጅዎ ይያዙ።

ሻንጣው ፖርቶመጋላ ላይ ወይም በሆዱ ውስጥ ሲጫን የጫኙን ሒሳብ ከመጫኑ በፊት ይነጋገሩ። መድኃኒት፣ ጋቢ፣ የልጆች ሹራብና ውኃ ግን ከእጅዎ አይለዩ፤ አውቶቡሱ ዲንሾ ሲደርስ ብርዱ ሻንጣ እስኪወርድ አይጠብቅም። የጥምቀት ሰሞን ተጓዥ ስለሚበዛና ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅ ስለማይጠፋ፣ ከጥር 10 እስከ 13 ያሉትን ቀናት ቢሸሹ መልካም ነው። መነሻ መናኸሪያውንና የመነሻ ሰዓቱን ትኬት ሲቆርጡ ያረጋግጡ፤ በዚያው አጋጣሚ በመስመሩ ላይ የሚመላለሱትን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ሰላም ይጠይቋቸው።

ስለ መንገዱ ምርጫ ያለኝ አስተያየት ግልጽ ነው፤ በአሰላ ይሂዱ። በፈጣን መንገዱ አዳማ ከደረሳችሁ በኋላ በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ትወጣላችሁ። ከዚያ በሳጉሬ፣ የሯጮች አገር በሆነችው በበቆጂ፣ በአሳሳና በዶዶላ አድርጋችሁ አዳባን ታልፋላችሁ። ይህ መንገድ አጠር ይላል፤ ደጋማ ስለሆነ ሙቀቱ አያስቸግርም፤ ከፍታውም ቀስ በቀስ ስለሚጨምር ለሰውነት ይመቻል። ከአዳማ 1,600 ሜትር ተነስቶ አሰላ ላይ 2,400 ይደርሳል፣ በቆጂ ላይ 2,800 ገደማ ይሆናል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ እንደገና ይወጣና ዲንሾ ላይ 3,000ን ያልፋል። የሻሸመኔው መንገድ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ድረስ በአዲሱ ፈጣን መንገድ ቢቀልም፣ ከዚያ በኋላ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከብቱና የጭነት መኪናው ይበዛበታል። የሻሸመኔው ጥቅም አንድ ነው፤ መንገዱን ለሁለት ከፍለው ላንጋኖ ዳር ማደር ከፈለጉ ልጆቹ ውኃ ውስጥ ይውላሉ። በአራት ቀን ግን ይህ ቅንጦት ነው።

በየትኛውም በኩል ቢመጡ ከአዳባ በኋላ አማትዎን ከእንቅልፍ ያስነሷቸው። ዲንሾ ከመድረሱ በፊት አስፋልቱ የጋይሳይን ሣር ሜዳ እየታከከ ያልፋል፤ የደጋ አጋዘን እዚያ መንገድ ዳር ሲግጥ ማየት የተለመደ ነው። ሳነቴ መውጣት ባይችሉ እንኳ አጋዘኑን ከወንበራቸው ሳይነሱ አይተውታል።

ለሳነቴው ቀን ጥቂት ልጨምር። በመጀመሪያው ቀን አትውጡ፤ አንድ ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ ካደራችሁ በኋላ በማለዳ ተነሱ። ቀይ ቀበሮው አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ልጆቹ ከመኪናው ሳይወርዱ ሊያዩት ይችላሉ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ቁጥር ከ500 በታች ነው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በእነዚሁ ተራሮች ላይ ይኖራሉ፤ ስለዚህ ሾፌሩ እንዳይፈጥንና ከመንገዱ እንዳይወጣ ይንገሩት። አማትዎ ከመውጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። እላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ቡናም ዳማ ከሴም አይፈይድም፤ መኪናውን አዙሮ መውረድ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት መመለሻውን ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት አውቶቡሶች ከሮቤ ማለዳ ሞልተው ስለሚነሱ፣ ዲንሾ መንገድ ዳር ቆሞ አምስት ወንበር መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። የመጨረሻዋን ሌሊት ሮቤ እደሩ፤ ትኬታችሁን ከሰዓት በኋላ ቆርጣችሁ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ተገኙ።

ጥያቄ፦ በዚሁ ጉዳይ ላይ እኔም ልጠይቅ። ብቻዬን የምጓዝ ወጣት ነኝ፤ መኪና ለመኮናተር አቅም የለኝም። ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚሄድ የሕዝብ መኪና ተሳፍሬ ሳነቴ አምባ ላይ ብወርድ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላ መኪና መመለስ አልችልም?
ከአዳማ

መልስ፦ መውረዱ ቀላል ነው፤ መሳፈሩ ግን ያስቸግራል። ከደሎ መና የሚመጡት መኪኖች ጥቂቶች ናቸው፣ አምባው ላይ የሚደርሱትም ሞልተው ነው። አምባው ላይ መጠለያ የሚሆን ዛፍ እንኳ የለም፤ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ አስቀድመህ ዲንሾ ሄደህ የፓርኩን መግቢያ ክፈል፣ አስጎብኚም ያዝ። ከዚያ ከጎባ በማለዳው መኪና ተሳፍራችሁ አምባውን ከመስኮት እያያችሁ እለፉና ሐረና ደን ውስጥ፣ ሪራ በምትባለው መንደር አካባቢ ድንኳን ተክላችሁ እደሩ። በማግስቱ ስትመለሱ አምባውን ለሁለተኛ ጊዜ ታዩታላችሁ። ጎባ ላይ ቀድመህ ጋቢናውን ያዝ፣ ከሾፌሩም ጋር ተግባባ፤ በማግስቱ ስንት ሰዓት ላይ በሪራ እንደሚያልፍ የሚያውቀው እርሱ ነው፣ ወንበር የሚይዝልህም እርሱ ነው።